ከሄሊኮፕተር ላይ ሆናችሁ መሬት ያለ ጠላት እንዴት ታያላችሁ? ባትልፊልድ 4 ላይ ስፖት ማድረግ ደረጃ በደረጃ

አቦ እዚህ ድሬ ከልጆች ጋር በተጫወትን ቁጥር የምሰማው አንድ ነገር ነው፣ "ከላይ ምንም አይታየኝም"። ሄሊኮፕተሩን ለመያዝ ይሻማሉ፣ ያነሱታል፣ ሁለት ዙር ይዞራሉ፣ የሚታያቸው ዛፍና ቤት ብቻ ነው፣ ከዛ ከየት እንደመጣ የማያውቁት ሚሳይል ያወርዳቸዋል። ተመልሰው ደግሞ ይሻማሉ። ይሄ የአይን ችግር አደለም። አብዛኛው ሰው የሚበላሽበት መፈለግንና መተኮስን በአንድ ጊዜ ሊሰራ ስለሚሞክር ነው። መተኮስ ስትጀምሩ አይናችሁ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ ሌላው ሜዳ በሙሉ ይጠፋችኋል። ስለዚ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ መጀመሪያ ሳትተኩሱ እዩ፣ ያያችሁትን ምልክት አድርጉበት፣ ተደበቁ፣ ከዛ ተመልሳችሁ ተኩሱ።

የምጽፈው እ.ኤ.አ. በ2013 ስለወጣው ባትልፊልድ 4 ነው፣ ፒሲና ፒኤስ 4 ላይ። ፒኤስ 3 ያላችሁ ኦንላይኑ እ.ኤ.አ. በ2024 ስለተዘጋ ይሄ አይጠቅማችሁም። ሌላ የጦርነት ጌም ለምትጫወቱ በተኑ ይለያያል፣ የማየት ዘዴው ግን ያው ነው። ሃርድኮር ሰርቨር ላይ ግን ከጠላት ራስ በላይ ምልክት ስለማይወጣ በኖርማል ሰርቨር ተለማመዱ።

ስፖት ማለት ምን እንደሆነ ላልገባው በአጭሩ፦ የማነጣጠሪያውን መስቀል ጠላት ላይ አድርጋችሁ የስፖት በተን ስትነኩ ከላዩ ቀይ ምልክት ይወጣል፣ ያ ምልክት ለእናንተ ብቻ ሳይሆን ለቲሙ በሙሉ ይታያል፣ ሚኒማፕ (ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ማፕ) ላይም ይወጣል፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ደግሞ ይጠፋል። ጠላትና እናንተ መሀል ግድግዳ ወይ ኮረብታ ካለ አይሰራም። ምልክት ያደረጋችሁበትን ሌላ ሰው ቢገድለው ለእናንተም ነጥብ ይመጣል።

ደረጃ 1፦ ሳትነሱ በፊት

በተኑን አረጋግጡ። ፒሲ ላይ ኪው ነው፣ ፒኤስ 4 ላይ በእግር ስትሄዱ አር 1 ነው። ግን የጌም ቤት ማሽን ከሆነ ከእናንተ በፊት የተጫወተው ሰው ምን ቀይሮ እንደሄደ አታውቁም፣ ሴቲንግ ገብታችሁ የአውሮፕላንና የሄሊኮፕተሩን በተን ለብቻው እዩት። አየር ላይ ሆናችሁ በተን መፈለግ ማለት ሄሊኮፕተሩን መጣል ማለት ነው።

በተኑን ነካ አድርጋችሁ ልቀቁ፣ ይዛችሁ አትቆዩ። ይዛችሁ ከቆያችሁ ክብ የመልዕክት ሜኑ ይከፈታል፣ ስክሪናችሁን ይሸፍናል፣ ስፖትም አይሆንም። "ተጭኜው ነበር፣ አልሰራም" ከሚሉኝ ልጆች ውስጥ ግማሹ የሚያደርገው ይሄንን ነው።

ጆይስቲኩን ፈትሹ። ይሄን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ሁሌ እዚህ ላይ እከራከራለሁ። የኪራይ ጆይስቲክ የግራ አናሎጉ ላስቲክ ተልጦ ከስር ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ብቻ ቀርቶ ታገኙታላችሁ፣ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ አር 1 ደግሞ ዳር ዳሩን ስትነኩት ዝም ይላል፣ መሀሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ስትጫኑት ነው ጠቅ የሚለው። እንደዚህ አይነት ጆይስቲክ ይዛችሁ ሰላሳ ጊዜ ብትነኩ አስሩ ብቻ ነው የሚገባው፣ እናንተ ደግሞ ጥፋቱን ዘዴው ላይ ታደርጉታላችሁ። ጌም ሳይጀመር ሜኑ ላይ አር 1 አስር ጊዜ ንኩ፣ ከአስሩ አንዱ ከቀረ ሌላ ጆይስቲክ ጠይቁ። አናሎጉ ሳትነኩት ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነም እንደዛው፣ እሱን ይዛችሁ አየር ላይ መቆም አትችሉም።

የስክሪኑን ብርሃን አስተካክሉ። ከሰዓት ድሬ ላይ በሩ ተከፍቶ ነው የሚጫወተው፣ ካልተከፈተ ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ ፀሐዩ ግን ስክሪኑ ላይ ይገባና ጥላ ያለበት ቦታ ሁሉ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል። ታንክ የሚደበቀው ደግሞ እዛ ጥላ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑን ወይ ወንበሩን ከበሩ ፊት ዞር አድርጉ፣ ካልተቻለ የጌሙን ብራይትነስ ከፍ አድርጉ። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ግን በረሃ ማፖች ላይ አሸዋውና ታንኩ አንድ አይነት ይሆኑባችኋል፣ ስለዚ ከፍ የምታደርጉት ጥላው ውስጥ ያለው ነገር መለየት እስኪጀምር ብቻ ነው።

ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ሴቲንግ ውስጥ ለቀለም የሚሆን አማራጭ አለ፣ ቀይሩት፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። የምልክቶቹን ድምቀት ማስተካከያም አለ፦ በጣም ደማቅ ከሆነ ምልክቱ ራሱ ከስሩ ያለውን ነገር ይሸፍንባችኋል።

ፒሲ ላይ ፊልድ ኦፍ ቪውን እስከ መጨረሻው አትክፈቱት። ሰፊ ሲሆን ብዙ ቦታ ይታያል፣ ግን ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ ያንሳል። ለእግረኛ ጥሩ ነው፣ ከላይ ሆኖ ለሚፈልግ ሰው ግን ታንክን ጉንዳን ያደርግበታል። መሀል ላይ አድርጉት።

ደረጃ 2፦ ቴስት ሬንጅ ግቡና ቅርፅ አጥኑ

ዋናው ሜኑ ላይ ቴስት ሬንጅ የሚል አለ፣ ማንም የማይተኩስባችሁ የመለማመጃ ሜዳ ነው። አንድ ሙሉ ሰዓት እዛ አጥፉ። ሄሊኮፕተር ይዛችሁ ተነሱና የቆሙትን ተሽከርካሪዎች ከሁሉም ጎን እዩ፣ ከቅርብ ጀምራችሁ እየራቃችሁ። የምትፈልጉት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይሄ ነገር በጣም ሩቅ ሲሆን ምኑ ነው መጨረሻ ላይ የሚጠፋው?

ታንክ ከሆነ፣ ኤም 1 ኤብራምስም ይሁን ቲ-90 ወይ ታይፕ 99፣ መጨረሻ የሚቀረው ጠፍጣፋ ሳጥንና ከፊቱ የወጣው ረጅም አፈሙዝ ነው። ተንቀሳቃሹ ፀረ አውሮፕላን ግን ለየት ይላል። የራሺያው ቱንጉስካ ላዩ ከፍ ያለ ነው፣ መድፎቹ በግራና በቀኝ ናቸው፣ ራዳሩም ይታያል። የአሜሪካው ደግሞ ሰንሰለት የለውም፣ ስምንት ጎማ ነው። ይሄን ልዩነት በአንድ እይታ ካላወቃችሁት ሜዳ ላይ "ታንክ ነው" ብላችሁ ፀረ አውሮፕላን ፊት ትቆማላችሁ፣ እሱ ደግሞ ሁለተኛ እድል አይሰጥም።

ደረጃ 3፦ ማን ምን እንደሚሰራ ተነጋገሩ

የውጊያ ሄሊኮፕተር ሁለት ወንበር አለው፣ ፓይለትና ገነር። ቫይፐር ቢሆን፣ ሀቮክ ቢሆን፣ ዜድ-10 ቢሆን ያው ነው። ስፖት የማድረግ ዋና ስራ የገነሩ ነው፣ ፓይለቱ ማሽኑን ያስተካክላል። ፓይለቱ ስፖት ማድረግ የሚችለው ፊቱ ያለውን ብቻ ነው፣ ማነጣጠሪያው ከአፍንጫው ጋር ስለሆነ። ገነሩ ግን አፍንጫው ወደ ሌላ ቦታ ቢያይም ጎንና ታች መፈለግ ይችላል። ፓይለቱ "እኔ ልይ እኔ ልይ" እያለ አፍንጫውን መሬት ላይ ከደፋ ሄሊኮፕተሩ ወደፊት ይሮጣል፣ ከፍታ ያጣል፣ ጠላት መሀል ይገባል።

ባትልፊልድ 4 ስክሪን ለሁለት ከፍሎ አያጫውትም፣ ስለዚ ሁለት ማሽን ያስፈልጋል። አጠገብ ለአጠገብ ከተቀመጣችሁ ጥሩ፣ ካልሆነ ሄድፎን በማይክ።

አሁን ዋናው ነገር፣ እንዴት ነው ቦታ የምትጠቁሙት? እኛ መጀመሪያ ፊልም ላይ እንዳየነው በሰዓት ነበር የምንጠራው። የአጎቴ ልጅ ገነር ነበር፣ "3 ሰዓት ላይ ታንክ!" ሲለኝ ወደ ግራ አዞርኩት፣ ታንኩ ቀኝ ነበር፣ ጀርባችንን ሰጥተነው ወደቅን። ለካ እኔ ሰዓቴን የምሞላው እንደ ፈረንጅ ነው፣ ለኔ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ቆጣሪው ያለው 9 ቁጥር ላይ ነው፣ በግራ። እሱ ደግሞ በሀበሻ ስለሚሞላ ለሱ 3 በቀኝ ነው። ስለዚ በሰዓት መጥራት ተዉት። እንዲህ አድርጉት፦

መጀመሪያ የፍላጉን (ሁለቱ ቲም የሚሻሙበት ቦታ፣ እያንዳንዱ በፊደል ይጠራል) ፊደል ጥሩ፣ ቀጥሎ ከፍላጉ በየት በኩል እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ ምን እንደሆነ። "ሲ ፍላግ፣ ከቤቱ ጀርባ፣ ታንክ።" አለቀ። ለፓይለቱ አቅጣጫ ስትሰጡ ደግሞ "ግራ"፣ "ቀኝ"፣ "ፊት"፣ "ከስር" ብቻ። "እዛ ጋ፣ እዛ፣ አየኸው?" ማለት ምንም አይሰራም፣ እሱ የሚያየው የራሱን ስክሪን ነው።

ደረጃ 4፦ አቀራረብ

4.1. ሳትነሱ ትልቁን ማፕ ክፈቱ። የትኛው ፍላግ እያጨቃጨቀ ነው? ጠላት ያለው እዛ ነው። ማፑ የሚከፈተው ፒሲ ላይ በኤም ነው። ሁለት ሰከንድ ይበቃል።

4.2. ወደ ፍላጉ ቀጥታ አትሂዱ። በማፑ ዳር ዳር፣ ዝቅ ብላችሁ፣ ኮረብታ ወይ ህንፃ በእናንተና በሜዳው መሀል አድርጋችሁ ሂዱ። ብዙ ሰው የሚሞተው ከቤዝ ወጥቶ ሰማይ ጠቀስ ከፍታ ይዞ ቀጥታ መሀል ስለሚገባ ነው፣ እዛ ከፍታ ላይ ሜዳው ላይ ያለ ሚሳይል የያዘ ሰው ሁሉ ያያችኋል።

4.3. ከኮረብታው ወይ ከህንፃው ጀርባ ከፍ በሉ። ሜዳው እስኪታይ ብቻ።

4.4. ፓይለቱ ማሽኑን ያረጋጋ፣ ገነሩ ይይ። አራት ወይ አምስት ሰከንድ። በዚህ ጊዜ ማንም አይተኩስም። አንድም ጥይት። ታንክ አፍንጫችሁ ስር ቢሆን እንኳ አትተኩሱ፣ ከተኮሳችሁ ያላችሁበት ይታወቃል፣ ያልታየው ፀረ አውሮፕላን ደግሞ ይዞራል።

4.5. ተመለሱና ተደበቁ። ሚኒማፑን እዩ፣ ያያችሁትን ተነጋገሩ፣ ማንን ቀድማችሁ እንደምትመቱ ወስኑ።

4.6. በሌላ በኩል ዞራችሁ ግቡና አሁን ተኩሱ። በገባችሁበት ቀዳዳ ተመልሳችሁ አትግቡ።

ጎልሙድ ሬልዌይ ለዚህ መለማመጃ ምርጥ ማፕ ነው፣ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ታንክም ሄሊኮፕተርም ጄትም አለው። ከፍላጎቹ አንዱ ባቡሩ ላይ ነው፣ ባቡሩም ይንቀሳቀሳል። የለገሀር ልጆች ይሄን ማፕ ሲወዱት አይቻለሁ። ባቡሩን ተከተሉት፣ ጠላት ሁሌ ዙሪያውን ይሰበሰባል፣ ሀዲዱም ከላይ ቀጥ ያለ መስመር ስለሆነ አይን ይመራል፣ ከሀዲዱ ወጣ ያለ ማንኛውም ነገር ቶሎ ይታያል።

ደረጃ 5፦ እንዴት ነው የሚታየው?

አብዛኛው ሰው አይኑን ስክሪኑ ላይ እንደ መጥረጊያ ነው የሚያስኬደው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሳያቋርጥ። አይን እየተንቀሳቀሰ እያለ በደንብ አያይም፣ የሚያየው ሲቆም ነው። የእውነት ፓይለቶች ሰማይ ላይ ሌላ አውሮፕላን ሲፈልጉ አይናቸውን በአንዴ ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳያዞሩ፣ እያንዳንዱ ቦታ ላይም ቢያንስ 1 ሰከንድ እንዲቆሙ ይነገራቸዋል። እናንተም ስክሪኑን በሀሳባችሁ አራት ቦታ ክፈሉት፣ አንዱ ላይ ቆም በሉ፣ ቀጥሎ ያለው፣ ቀጥሎ ያለው። አራቱ ቦታ በአራት ሰከንድ ያልቃል፣ ከላይ አራት ወይ አምስት ሰከንድ ያልኩት ለዚህ ነው።

ቆም ስትሉ ሰውን ወይ ታንክን አትፈልጉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ፈልጉ። ከሐረር ስትመጡ ደንገጎ ላይ መኪናው ሲታጠፍ ታች ያለውን ሜዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰው አይለይም፣ ቤቱም ተደባልቆ ነው የሚታየው፣ ግን የምትታጠፍ ባጃጅ ወዲያው አይናችሁ ውስጥ ትገባለች። ፒስታ ላይ የሚሄድ አይሱዙ ደግሞ መኪናው ሳይታይ አቧራው ይታያል፣ አቧራው ጫፍ ላይ ስታዩ መኪናው እዛ ነው። ግመል ከሰዓት በኋላ ከሆነ ከራሷ በፊት ጥላዋ ነው የሚታየው። ጌሙ ውስጥም ልክ እንደዛ ነው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ፈልጉ፦

መጀመሪያ መንገድ። ተሽከርካሪ የሚነዳ ሰው ሳያስበው መንገድ ይከተላል።

ቀጥሎ የሚተኮስበት ቦታ። የታንክ አፈሙዝ ብልጭታ፣ የሮኬት ጭስ ጭራ። ጭሱን ወደ ኋላ ተከትላችሁ መነሻውን እዩ፣ የሚደርስበትን አትዩ። ሁሉም ሰው ፍንዳታውን ነው የሚያየው፣ የተኮሰው ሰው ግን ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው ያለው።

ከዛ የጥላና የብርሃን ድንበር። የቆመ ታንክ ዛፍ ስር ወይ ቤት ጥግ ነው የሚቆመው። ዛፍ ቀጥ ያለ መስመር የለውም፣ ታንክ ግን አለው። ቅጠል መሀል ቀጥ ያለ ጠርዝ ካያችሁ በተኑን ንኩት፣ ታንክ ካልሆነም የምታጡት የለም።

መጨረሻ ጣሪያ። ስቲንገርና ኢግላ (ሰው ይዞ የሚተኩሳቸው ፀረ አውሮፕላን ሚሳይሎች) የሚይዘው ኢንጅነር፣ ማለትም ከጌሙ የእግረኛ አይነቶች አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ጣሪያ ላይ ነው። ሰው ስለሆነ ትንሽ ነው፣ የሚታየው ከሰማዩ ወይ ከጣሪያው ቀለም ጋር ሲለያይ ነው፣ ስለዚ ጣሪያውን ከላይ ሳይሆን ከጎን ስታዩት ይሻላል።

ፀሐዩን ከጀርባችሁ አድርጉ። ማፑ ላይ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለ አንድ ጊዜ ካወቃችሁ ሁሌ ያው ነው፣ ፊት ለፊት ከመጣባችሁ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ምልክቱን መትከል

መስቀሉን ላዩ አድርጉ፣ አንዴ ንኩ፣ ቀይ ምልክቱ መውጣቱን እዩ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ይሄ "እዩ" የምለው ነው የሚዘለለው። ሰዉ ኪውን እንደ ታይፕራይተር ይቀጠቅጠዋል፣ የትኛው እንደገባ አያውቅም፣ ደጋግመው ሲቀጠቅጡት ደግሞ ጌሙ ራሱ ለትንሽ ጊዜ መቀበል ያቆማል።

ብዙ ነገር በአንዴ ካያችሁ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ ተንቀሳቃሽ ፀረ አውሮፕላን፣ ቀጥሎ ሚሳይል የያዘ ኢንጅነር፣ ቀጥሎ ታንክ፣ መጨረሻ ሌላው እግረኛ። ታንክ ትልቅ ስለሆነ አይን ይስባል፣ እናንተን የሚያወርዳችሁ ግን ብዙ ጊዜ እሱ አደለም። አንድ ጊዜ ብቻ የመንካት እድል ካላችሁ ፀረ አውሮፕላኑ ላይ አውሉት፣ የእናንተ ታንኮችና ጃቬሊን (ፀረ ታንክ ሚሳይል) የያዙት ልጆች ከመሬት ይጨርሱታል።

ደረጃ 7፦ የገነሩ ዙምና ቴርማል

ገነሩ እየተጫወተ ነጥብ ሲሰበስብ የሚከፈቱለት የማያ አይነቶች አሉ፣ ዙም፣ የማታ ማያና ቴርማል። ቴርማል ላይ ሙቀት ያለው ነገር ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዛፍ ስር ያለ ሰው ሁሉ ይገለጣል። ከተከፈተላችሁ እሱን ግጠሙ። ግን ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ የራሳችሁ ሰውም ነጭ ነው። ከላዩ የወዳጅ ምልክት እንዳለ ሳታዩ ጥይት አታባክኑ። ስፖት በተኑን ንኩት፣ ቀይ ካልወጣ ጠላት ላይሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ እሳትና ፍንዳታ ባለበት ቦታ ነጩ ይበዛና ሰው ከመሀሉ አይለይም። እንደዛ ሲሆን ወደ ተራው እይታ ተመለሱ።

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ዙም ውስጥ አትኑሩ። ዙም ስታደርጉ የምታዩት ቀዳዳ ነው፣ በቀዳዳ ሜዳ አይፈለግም። መጀመሪያ በሰፊው እዩ፣ የሚያጠራጥር ነገር ስታገኙ ዙም አድርጉ፣ አረጋግጡ፣ ምልክት አድርጉ፣ ውጡ። ገነሩ ዙም ውስጥ እያለ ፓይለቱ በድንገት ቢዞር ያየውን ነገር በሙሉ ያጣዋል፣ ስለዚ ገነሩ ሲገባ "ገባሁ"፣ ሲወጣ "ወጣሁ" ይበል።

ትንሿን ስካውት ሄሊኮፕተር ከያዛችሁ ገነር የላትም፣ ግን ጎኗ ላይ የሚቀመጡት ልጆች የራሳቸውን መሳሪያ ይዘው ስኮፕ አድርገው ስፖት ያደርጋሉ። የግራው ግራውን፣ የቀኙ ቀኙን ብቻ ይይ።

ደረጃ 8፦ ጄት ለያዛችሁ

ጄት ላይ ነገሩ ይከብዳል፣ ጊዜ የለም። ሰው የሚሳሳተው መሬት ላይ አፍንጫውን ደፍቶ እየወረደ ሊፈልግ ስለሚሞክር ነው፣ እየወረዳችሁ ከፈለጋችሁ መሬቱ ቀድሞ ያገኛችኋል። መፈለግ ያለባችሁ እየዞራችሁ እያላችሁ ነው። ጎን አዘንብላችሁ ክብ ስትሰሩ መሬቱ በጎን ይታያል። ፍጥነታችሁን 313 አካባቢ ስትይዙት ጄቱ በጣም በጠባቡ ይዞራል፣ ስለዚ በዛ ፍጥነት አንድ ፍላግ ዙሪያ ብትዞሩ ቦታው ከአይናችሁ አይወጣም። ያያችሁትን አስታውሱ፣ ራቁ፣ ተመልሳችሁ ቀጥታ ስትመጡ መስቀሉ ላዩ ሲደርስ ስፖት ንኩ፣ ከዛ ተኩሱ። ኤ-10 እና ሱ-25 ለመሬት ስራ ናቸው፣ መጀመሪያ በእነሱ ልመዱ።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ነካሁት፣ ምልክት አልወጣም። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ፦ በተኑን ይዛችሁ ቆይታችኋል? መሀል ላይ ቅጠል ወይ የህንፃ ጥግ አለ? መስቀሉ ላዩ ነው ወይስ አጠገቡ? ታንኩ ጭስ ለቋል? ጭስ ከለቀቀ አትድከሙ፣ ሚሳይል ሎክም (ኢላማ መያዙም) ሌዘርም ይበጠሳል፣ ጭሱ እስኪያልፍ ተደበቁና ተመለሱ።

ምልክቱ ጠፋ። ይጠፋል፣ ጊዜ አለው። ታንኩ የጠፋበት ቦታ ላይ አትቆዩ፣ ሲጠፋ ወዴት እየሄደ ነበር? ከዛ ፊት ያለውን መንገድ እዩ።

ሎክ የመደረግ ድምፅ መጣ። ፍሌሩን (ሚሳይሉን የሚያሳስተውን እሳት) ወዲያው አትልቀቁ። መጀመሪያ የሚሰማው እያነጣጠረ ያለ ድምፅ ነው፣ ሚሳይሉ ሲለቀቅ ድምፁ ይለወጣል፣ ይፈጥናል። ፍሌሩ ያኔ ነው። በመጀመሪያው ድምፅ ከለቀቃችሁት ሰውየው ትንሽ ጠብቆ እንደገና ሎክ ያደርጋል፣ እናንተ ደግሞ ባዶ እጃችሁን ናችሁ። ፍሌር ስትለቁ እዛው አትቁሙ፣ ኮረብታ ጀርባ ግቡ። ገነሩ በዚህ ሰዓት ስራ አለው፦ ሚሳይሉ የተነሳበትን የጭስ ጭራ አይቶ መነሻው ላይ ስፖት ይንካ። ካልታየ ሰው ይልቅ የተኮሰ ሰው ለመገኘት በጣም ይቀላል፣ ይሄን እድል አታሳልፉ።

ኔቱ ይጎትታል። ከኛ ሀገር ሰርቨሩ ሩቅ ስለሆነ ፒንጉ (ከሰርቨሩ ጋር ለመመላለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከፍ ይላል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ሰው ኔት ላይ ሲወጣ ይብሳል። ምልክቱ ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፣ ደጋግማችሁ አትቀጥቅጡ፣ ነክታችሁ ጠብቁ። ሰርቨር ስትመርጡ ፒንግ የሚለውን አይታችሁ ትንሹን ቁጥር ምረጡ፣ ጠዋት ላይ ከቻላችሁ ይሻላል። ምስሉ እየዘለለ ከሆነ ጄት አትያዙ፣ በሄሊኮፕተርም ቢሆን ከሩቅ ቁሙ።

ስፖት አደርጋለሁ፣ ማንም አይተኩስም። መሬት ያሉት ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሆናል። ሄድፎን ካለ በፊደል ጥሩት፣ "ቢ፣ መንገዱ ላይ፣ ታንክ"። ስኳዳችሁ ውስጥ አንድ ሰው ሪኮን (ሌላው የእግረኛ አይነት፣ ቃኚው) ይዞ ታንኩ ላይ ሌዘር ቢያበራ ደግሞ ጃቬሊን የያዘው ኢንጅነር ከተደበቀበት ሆኖ ይመታዋል፣ ይሄንን ሦስት ሰው ተስማምቶ ሲሰራው ሙሉ ራውንዱ ይገለበጣል።

ሁሌ የምንወድቀው አንድ ቦታ ነው። ስትወድቁ ቶሎ ሪስፖን አትንኩ። የገደላችሁ ሰው ስምና በምን እንደገደላችሁ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ አንብቡት። ስቲንገር ወይ ኢግላ ከሆነ ጣሪያ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ፀረ አውሮፕላን ከሆነ ብዙ ጊዜ ከቤዙ ወይ ከፍላጉ ብዙ አይርቅም። በሚቀጥለው ስትነሱ ደረጃ 4 ላይ ማፑን ስትከፍቱ ያንን ቦታ አስቡ፣ መጀመሪያ ስፖት የሚደረገውም እሱ ነው፣ በሌላኛው ዳር ዞራችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ፣ ሳትተኩሱ።